ለተኩስ ውድድር በጎ ፈቃደኛ ዳኞች ስትመድቡ ወጪያቸውን ቀድማችሁ አስሉ

አሜሪካ ውስጥ በዩኤስፒኤስኤ (በአሜሪካ የተግባር ተኩስ ማኅበር) ደንብ የሚካሄዱ የሽጉጥ ውድድሮችን የሚዳኙት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደመወዝ ስለሌላቸው በበጀቱ ላይ ዜሮ የሚጽፍ አዘጋጅ የመመዝገቢያውን ዋጋ አሳንሶ ይተምናል፤ ጉድለቱን የሚያውቀው የሆቴሉ ሒሳብ ሲመጣ ነው።

የክለብ የእሑድ ውድድር ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፤ አንድ ልምድ ያለው ዳኛ ካለ የቡድኑ አባላት ራሳቸው ተራ እየገቡ ይሠሩታል። እዚህ የምናሰላው ቅዳሜና እሑድ ለሚካሄድ፣ 10 ስቴጅ (የመተኮሻ ጣቢያ) እና 180 ከፋይ ተኳሽ ላለው ውድድር ነው።

ለእያንዳንዱ ስቴጅ ሁለት ዳኛ ያስፈልጋል። አንዱ በተኩስ ድምፅ ጊዜ የሚመዘግበውን ሰዓት ይዞ ተኳሹን ይከተላል፣ ዓይኑም ከሽጉጡ አይነሳም፤ ሁለተኛው በታብሌት ነጥብ ይመዘግባል፣ እግር ከመስመር መውጣቱንም ያያል። ይህ 20 ሰው ነው። 3 ተተኪ፣ 2 የጥይት ፍጥነት ለኪ፣ 2 የውጤት ሠራተኛ፣ የሜዳው ዋና ኃላፊ፣ የውድድሩ አዘጋጅና ዕቃ አቅራቢ ሲጨመሩ 30 ይሞላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚቀር ሰው አይጠፋምና 33 መዝግቡ።

ዳኞቹ ራሳቸው የሚተኩሱት ዓርብ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ይገባሉ፤ ሦስት ሌሊት ያድራሉ ማለት ነው። ለምሳሌ ክፍሉ በሌሊት 120 ዶላር ቢሆንና ሁለት ሁለት ቢያድሩ ለአንድ ሰው 180 ዶላር ይደርሳል። የሦስት ቀን ምሳ በ15 ዶላር 45፣ ቲሸርት 30፤ ድምሩ 255። ለ30 ሰው 7,650 ዶላር ሲሆን በ180 ከፋይ ሲካፈል በያንዳንዱ ምዝገባ ላይ 42 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይጨመራል። አንድ ሁለት ትርፍ ክፍልም ያዙ። የሚያንኮራፋውን ከማን ጋር እንደምታሳድሩ ሐሙስ ማታ መጨቃጨቅ አትፈልጉምና በምዝገባው ቅጽ ላይ ጠይቁ።

ሰው ቀንሰን እንቆጥብ ማለት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ከስቴጅ ስቴጅ አብሮ የሚዞር ዘጠኝ ሰው ያለው ቡድን በነፍስ ወከፍ 3 ደቂቃ ሲይዝ 27፣ ከገለጻና ከጉብኝት ጋር 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ 10ሩን ስቴጅ በ350 ደቂቃ ይጨርሳል። በአንድ ተኳሽ ላይ አንድ ደቂቃ ብቻ ብትጨመር ቀኑ በ90 ደቂቃ ይረዝማል። ብቻውን የቆመ ዳኛ ይህን ደቂቃ በቀላሉ ያባክናል፦ ነጥብ ሳይያዝ የወረቀት ዒላማው ቀዳዳ ይለጠፋል፣ የወደቀው የብረት ዒላማ ሳይነሳ ቀጣዩ ይጀምራል፣ ሰዓቱ የመጨረሻውን ተኩስ ሳይቀዳ ወይም የጎረቤቱን ስቴጅ ድምፅ ቀድቶ ይገኛል። መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ድጋሚ መተኮስ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ታብሌቱን ሲያይ አፈሙዙ ከተፈቀደው 180 ዲግሪ ማለፉ (ወደ ኋላ መዞሩ) ሊያመልጠው መቻሉ ነው።

ሁለት ጀማሪ አንድ ስቴጅ ላይ አታቁሙ። ለሦስት ወይም አራት ስቴጅ አንድ ተተኪ ይዙር፤ ያለ እሱ ሽንት ቤት የሚሄድ ዳኛ ሥራውን ያስቆማል። ውኃና ምሳም ወደ ስቴጁ ይምጣ እንጂ ዳኛው ፍለጋ አይሂድ።

ጥሬ ገንዘብ ልስጥ ካላችሁ ሕጉን አስቡ። የ1997ቱ የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት የሚሠራን ሰው በግል ከመጠየቅ የሚከልለው ክፍያ ካልተቀበለ ነው። በእርግጥ ያወጣውን ወጪ መመለስ ይፈቀዳል፤ በክፍያ ምትክ የሚሰጥ ነገር ግን በዓመት ከ500 ዶላር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የነዳጅና የሆቴል ደረሰኝ ሰብስቡ፣ ክፍያውንም በደረሰኙ ልክ አድርጉ። ሕጉ ክለቡን ራሱን አይከልልም፤ ኢንሹራንሱ እንዳለ ይቀጥላል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የእሑድ ማታ ማፍረስ ነው። ዳኞቹ ሦስት ቀን ቆመው ውለዋል፣ ግማሾቹም በረራ አለባቸው። ዒላማ ማቆሚያውንና ግድግዳውን የሚያነሱ 10 ሰዎችን ከተኳሾቹ መካከል በምዝገባ ቅናሽ ቀድማችሁ ያዙ፤ ቅናሹንም የምትመልሱላቸው ዕቃው ከተጫነ በኋላ ይሁን።