እንግሊዝ ገብታችሁ ጡንቻ ሲይዛችሁ፦ ለድሬና ለሐረር ልጆች

አቦ የድሬ ልጆች፣ የሐረርም፣ አዲስ እንግሊዝ ለገባችሁ ነው። ስለ ቤት ኪራይና ባንክ ሁሉም ይነግራችኋል፣ ስለ ሰውነታችሁ ግን ማንም አያወራም። እዚህም እሁድ እሁድ ኳስ አለ፣ ያውም በብርድ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ በዛ ሙቀት ሲጫወት ያደገ ልጅ ሳያሟሙቅ ይገባና ታፋው ይያዛል፣ ከዛ ወጌሻ ፍለጋ ይጀመራል። ኦስቲዮፓት የሚባሉ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ በእጃቸው የሚያክሙ ባለሙያዎች አሉ፣ ግን እንደ ወጌሻ ገና እንደገባችሁ እግር አይጎትቱም።

መጀመሪያ ጥያቄ ነው፣ በጣም ብዙ ጥያቄ። መቼ ጀመረህ፣ ስትሮጥ ነው ወይስ ሮጠህ ካረፍክ በኋላ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳሃል ወይ፣ ስራህ ምንድነው፣ ጫማ ቀይረሃል ወይ። እኛ ደግሞ "ትንሽ ነው፣ ደህና ነኝ" እንወዳለን፣ እሱን በር ላይ ተዉት። መጋዘን ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስታነሱ አድራችሁ ጠዋት ኳስ የምትገቡ ከሆነ ተናገሩ፣ ነገሩ ከዛ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ልብስ አውልቁ ልትባሉ ትችላላችሁ፣ ቁምጣ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያፈረ ካለ አብሮት የሚገባ ሰው ይዞ መሄድ ይችላል፣ ያልፈለጋችሁትን እምቢ ማለትም መብት ነው። አቁመው ከኋላም ከጎንም ያዩሃል፣ ጎንበስ በል፣ ዙር፣ በአንድ እግርህ ዝቅ በል ይሉሃል። ከዛ አስተኝተው ራሳቸው እግርህን ያንቀሳቅሱታል፣ አንተ ዘና ትላለህ፣ በመጨረሻ እጃቸውን እግርህ ላይ ደግፈው ግፋ ይላሉ። ስትገፋ የሚያም ከሆነ ጡንቻውን ወይ ጅማቱን ነው ይበልጥ የሚጠረጥሩት፣ እነሱ ሲያንቀሳቅሱትም የሚያምና የሚገታ ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያውን ያስባሉ። በጣታቸው እየዳሰሱ የጠነከረውን ቦታ ይፈልጋሉ። ጉልበቴን ብለህ ሄደህ ዳሌህንና ቁርጭምጭሚትህን ቢያዩ አይግረምህ፣ ዳሌ ሲደክም ጉልበት ላይ ጫና ይበዛል። መደንዘዝ ካለ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው ነርቭህን ያያሉ።

ብሩን በተመለከተ፣ ኦስቲዮፓት አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው፣ በኤንኤችኤስ (በመንግስት ጤና አገልግሎት) በኩል ግን ፊዚዮቴራፒ በነፃ አለ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጂፒያችሁን፣ ማለት የተመዘገባችሁበትን የሰፈር ሀኪም ጠይቁ፣ አስተርጓሚም ጠይቁ። ኦስቲዮፓት የሚለው ስም እዚህ በፈረንጆች 1993 ከወጣው አዋጅ ወዲህ በህግ የተጠበቀ ነው፣ ያልተመዘገበ ሰው ኦስቲዮፓት ነኝ ማለት አይችልም፣ መዝገቡ ኦንላይን ስላለ የሰውየውን ስም ፈልጉት። አሜሪካ ያላችሁ፣ እዛ ዲኦ የሚባሉት የኦስቲዮፓቲ ሀኪሞች መድሃኒት የሚያዙ ሙሉ ሀኪሞች ናቸው፣ ይሄ የጻፍኩት እናንተን አይመለከትም።

ወገብ አሞት ብልቱ አካባቢ የደነዘዘ ወይ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ግን ኦስቲዮፓትም ቀጠሮም አይጠብቅ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።