ፕሮቲንና ዲኤንኤ ሲያያዙ በናኖዋየር ለመለካት፣ መጀመሪያ ጨዉን አስቡ

ሀሳቡ ቀላል ነው፣ በጣም ቀጭን የሲሊከን ሽቦ ላይ ከረንት ታሳልፋላችሁ፣ ላዩ ላይ ቻርጅ ያለው ነገር ሲያርፍበት ከረንቱ ይቀየራል። ዲኤንኤ በፎስፌቱ ምክንያት ኔጋቲቭ ስለሆነ ፒ-ታይፕ ሽቦ (ከረንቱን ፖዘቲቭ ቻርጆች የሚሸከሙበት) ላይ ከረንቱን ይጨምራል፣ ኤን-ታይፕ (ኤሌክትሮኖች የሚሸከሙበት) ላይ ይቀንሳል። የፕሮቲን ቻርጅ ግን እንደ ባፈሩ (ናሙናው ያለበት፣ አሲድነቱ የማይዋዥቅ የጨው ውሃ) ፒኤች ነው፣ ሳታጣሩ አትጀምሩ።

መጀመሪያ ሽቦውን በፒኤች ፈትሹት። ከ6 እስከ 8 ያሉ ባፈሮች ተራ በተራ ስታሳልፉ ከረንቱ ደረጃ በደረጃ ካልተቀየረ ውድ ናሙና ማባከን ምን ያደርጋል። ሪፈረንስ ኤሌክትሮዱ (የፈሳሹን ቮልቴጅ ቋሚ አድርጎ የሚይዘው) የብር ክሎራይድ ይሁን፣ ባዶ ፕላቲነም ፕሮቲን ሲነካው ራሱ ይዋዥቅና የሌለ ሲግናል ያሳያችኋል።

ናሙናውን የሚይዘውን ዲኤንኤ (ፕሮብ) ሽቦው ላይ ማጣበቁ የታወቀ ነው፦ በኦክስጅን ፕላዝማ ማጽዳት፣ አፕቴስ (ሽቦው ላይ አሚን የሚያስቀምጥ ኬሚካል)፣ ግሉታራልዲሃይድ (ሁለት አሚኖችን የሚያገናኝ)፣ ከዛ ጫፉ ላይ አሚን ያለው ዲኤንኤ፣ መጨረሻ ላይ ክፍት የቀረውን በኢታኖላሚን መዝጋት። አፕቴሱ ከወፈረ ግን ሁሉንም ነገር ከሽቦው ያርቅባችኋል።

አሁን ዋናው ጣጣ። በተራ ፒቢኤስ (የተለመደው የፎስፌት ጨው ባፈር) ውስጥ የጨው አዮኖች ቻርጁን ስለሚሸፍኑት ሽቦው የሚያየው ከላዩ 0.7 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ብቻ ነው፣ አንድ አንቲቦዲ ደግሞ ብቻውን 10 ናኖሜትር ያህል ነው፣ ስለዚህ ፕሮቲኑ በትክክል ተይዞም ሽቦው ምንም አያውቅም። ፒቢኤሱን 100 ጊዜ ስታቀጥኑት ርቀቱ ወደ 7 ናኖሜትር ይደርሳል። እሺ ለምን ሁሌ አናቀጥንም ካላችሁ፣ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ያለ ጨው አይጣበቁም፣ በደንብ ያልተጣበቀውም ይላቀቃል፤ ስለዚህ ጨው ባለበት አያይዙ፣ እጠቡ፣ ከዛ በቀጭን ባፈር አንብቡ። ወይም ፒኤንኤ ፕሮብ (ዲኤንኤን የሚመስል ሰው ሰራሽ ክር) ተጠቀሙ፣ ጀርባው ቻርጅ ስለሌለው በዝቅተኛ ጨውም ይይዛል። ዲኤንኤ ላይ የሚያርፍ ፕሮቲን ከሆነ የምትፈልጉት ደግሞ የማረፊያ ቦታውን ወደ ሽቦው ጠጋ አድርጋችሁ ዲዛይን አድርጉት፣ 20 ቤዝ ጥንድ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወደ 7 ናኖሜትር ስለሆነ ጫፉ ላይ ያለ ነገር በቀጭን ባፈርም በደንብ አይታይም።

ኮንትሮል የግድ ነው፣ ያውም እዛው ቺፕ ላይ፦ ቅደም ተከተሉ የማይገጥም ዲኤንኤ ያለበት ሽቦና ምንም ያልተቀባ ሽቦ። የናሙናውና የማጠቢያው ባፈር አንድ አይነት ይሁን። ማጠቢያ ስታስገቡ ከረንቱ ቀስ እያለ ከተመለሰ መላቀቁን እያያችሁ ነው፣ ፍጥነቱንም ከዛ ኩርባ ታወጣላችሁ፣ በአንዴ ዘሎ ከተመለሰ ግን መጀመሪያ የባፈር ልዩነትን ጠርጥሩ።