ከቀዶ ሕክምና በፊት «ምንም አያምዎትም» አትበሉ

ነገ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው በየክፍሉ የሚነገረው ቃል አንድ ነው፦ «አይዞዎት አባቴ፣ ምንም አያምዎትም»። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ለአዳዲሶቹ ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች እጽፋለሁ።

ማጽናናቱ መልካም ነው፤ ውሸቱ ግን ሌሊት ይገለጣል። ከቢቸና ገጠር የመጣው ገበሬ ቡአው ተሠርቶለት ክፍሉ ገብቷል። በወገቡ የተወጋው ማደንዘዣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲለቀው ስፌቱ ይፈጀዋል። አያምህም ተብሎ ነበርና የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አበላሽተውኛል፣ መሞቴ ነው»። ፍርሃቱ ጡንቻውን ይወጥራል፣ እንቅልፉን ይነሳዋል፣ ሕመሙንም ያባብሰዋል። ከዚያ ወዲያ የምትነግሩትን አያምንም። ለምን ይመናችሁ? እውነቱን መናገር ሕመም እንደሚቀንስ ከታወቀ ቆይቷል። ላውረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 1964 ባሳተሙት ጥናት፣ ቦስተን ውስጥ ሆዳቸው ተከፍቶ ከታከሙ 97 ሰዎች ለከፊሎቹ ስለሚጠብቃቸው ሕመም በግልጽ ተነግሯቸው፣ አተነፋፈስና አገላበጥም ተምረው ነበር። እነዚህ ሰዎች የወሰዱት ማስታገሻ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ፤ ወደ ቤታቸውም ቀድመው ሄዱ። ይህ ምንም ዕቃ አይጠይቅም። «ማደንዘዣው ሲለቅ ያምዎታል። የሚያመው ቦታው ስለተቆረጠ ነው እንጂ ስለተበላሸ አይደለም። ሳይብስብዎት ይጥሩን፣ መድኃኒት አለ» በሉ። መድኃኒቱንም ማደንዘዣው ሳይለቅ ጀምሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን መልስ የሕመም መለኪያ አድርጎ መዝገብ ላይ «ሕመም የለውም» ብሎ መጻፍ ሌላው ስህተት ነው። በእኛ ጎጃም ጥርሱን ነክሶ የተኛ ሰውም እንዴት አደሩ ሲባል እግዚአብሔርን ያመሰግናል። ወንዶቹ ማቃሰትን እንደ ነውር ያዩታል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተስማሙ፦ ሕመም መናገር ለሕክምናው የሚያስፈልግ እንጂ ሽንፈት እንዳልሆነ አስረዱ። የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 በቁጥር መግለጽ ግራ ካጋባው በአምስት ጣቱ ያሳይ። ሲተኛ ብቻ ሳይሆን ሲያስልና ሲገላበጥ እንዴት እንደሚያመው እንደምትጠይቁት ይወቅ፤ ሕመም ፈርቶ ሳይስል የሚቀር ሰው ለሳንባ ምች ይጋለጣል።

ማሳልን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለማስተማር አትጠብቁ። ያመመው ሰው ትምህርት አይገባውም። ዋዜማውን ጋቢውን አጣጥፎ ሆዱ ላይ ደግፎ ይሳል፤ ሲነሳም በጎኑ ዞሮ በክንዱ ተደግፎ ይነሳ። ራሱ አድርጎ ያሳያችሁ።

አስታማሚዋን አትርሱ። ሌሊቱን አጠገቡ የምታድረው እርሷ ናት። ማስታገሻ ቁስል እንዳይደርቅ ያደርጋል ብላ ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያስቀመጠች እናት አይቻለሁ፤ ልጇ ሲያቃስት አድሯል። እናት ክፉ አይደለችም፤ የነገራት ሰው አልነበረም። በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም የሚል ታማሚ ይገጥማችኋል። አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የንስሐ አባቱን የሚያማክርበት ጊዜ እንዲኖረው።

ቤቱ የሚወስደውን ማስታገሻ፣ አረቄውንም ጫቱንም ሳትጠይቁ አትለፉ።

ኬታሚን የተባለው ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነ እንግዳ ሕልም ሊያይ እንደሚችል ንገሩት፤ ያልተነገረው ሰው ጋኔን አየሁ ብሎ ይነቃል።

«ድንገተኛ ነው፣ ጊዜ የለም» የሚለውን አልቀበልም። አንጀቱ ተጠማዞ በሌሊት የመጣ ሰው አልጋው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እየተገፋም ጆሮው ይሰማል። ሲነቃ እንደሚያመው፣ መድኃኒት እንዳለ፣ መጥራትም እንዳለበት ለመንገር ኮሪደሩ ይበቃል። በአውራ ጣቱ የፈረመው የስምምነት ወረቀት ይህን አልነገረውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አልተነበበለትም።