ምሳሌው ይገለበጣል፦ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሰነድ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ1938 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት የነበረ አንድ የኪስ ቦርሳ አምራች የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ ሰው በተለየ ቁጥር የሚሰጠው የማኅበራዊ ዋስትና ካርድ ቦርሳው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማሳየት ናሙና ካርድ ጨምሮ ይሸጥ ጀመር። ናሙናው ከእውነተኛው ካርድ በግማሽ ያነሰ፣ በቀይ የታተመ፣ ናሙና መሆኑም በላዩ የተጻፈበት ነበር። ቁጥሩ ግን የአንዲት ሠራተኛ እውነተኛ ቁጥር ነበር። በ1943 ያንን ቁጥር የራሳቸው አድርገው የሚጠቀሙ ሰዎች 5,755 ደረሱ።

የሶፍትዌር ሰነድ የምንጽፍ ሁሉ ይህን ታሪክ ልናስታውሰው ይገባል። አንባቢ ማብራሪያውን ይዘልላል፣ የኮድ ምሳሌውን ግን እንዳለ ይገለብጣል።

የሰው አድራሻ መጠቀም

1.1.1.1 የተባለው የኢንተርኔት አድራሻ ለዓመታት እንደ ምሳሌና እንደ መሞከሪያ ሲጻፍ ኖሯል። ክላውድፌር የተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በ2018 እ.ኤ.አ. በዚሁ አድራሻ አገልግሎት ሲጀምር፣ ለእርሱ ያልታሰበ የመረጃ ጎርፍ ጠበቀው። መፍትሔው አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ «ኤግዛምፕል ዶት ኮም» (example.com) ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለምሳሌ ብቻ የተከለለ የድረ ገጽ ስም ነው። ከ192.0.2.0 እስከ 192.0.2.255 ያሉት አድራሻዎችም ለሰነድ የተተዉ ናቸው።

«ለማሳጠር ያህል» ብሎ ጥንቃቄን መተው

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ጸሐፊው ተጠቃሚ የሚያስገባውን ጽሑፍ በቀጥታ ከዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ትእዛዝ ጋር ያያይዛል፤ የይለፍ ቃሉን ኮዱ ውስጥ ያሰፍራል፤ የደኅንነት ሰርተፍኬት ማረጋገጫውን ያጠፋል። ከዚያም «በእውነተኛ ሥራ ላይ እንዲህ አታድርጉ» የሚል ማስታወሻ ከሥር ያክላል። ኮዱን የሚገለብጥ ሰው ማስታወሻውን አብሮ አይገለብጥም! የቀጠረው ድርጅት እስከ አርብ ጨርስ ያለው ወጣት ሰነዱን አምኖ የወሰደው ያ መስመር የደንበኞችን መረጃ ለሌባ ሊከፍት ይችላል። ተጠቃሚው ያስገባውን ከትእዛዙ ለይቶ ማስተላለፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ መስመር በላይ አይጨምርም። ትክክለኛው መንገድ ለምሳሌ የማይመች ያህል ከረዘመ፣ መስተካከል ያለበት ሶፍትዌሩ ራሱ ይመስለኛል።

ምንም የማይነግሩ ስሞች

«ፉ» እና «ባር» በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ፕሮግራመሮች ዘንድ የቆዩ የማስመሰያ ስሞች ናቸው። ሙያውን ዛሬ የሚጀምር የባሕር ዳር ተማሪ ግን ቃሉ የሶፍትዌሩ አካል ይሁን ወይስ እንደፈለገ የሚቀይረው ስም፣ በምን ይለየዋል? «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንላለን፤ ብርሌ ጠጁን ያሳያል እንጂ አይሸፍንም። «ተማሪ» እና «ውጤት» የሚሉ ስሞች የኮዱን ሐሳብ በግልጽ ያሳያሉ።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም አለው ብሎ የሚነሳ ምሳሌ የአበበ ከበደን ደብዳቤ «ውድ አቶ ከበደ» ብሎ የሚጀምር ፕሮግራም ይወልዳል። ከበደ አባቱ ናቸው።

ያልተሞከረ ምሳሌ

የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ሦስተኛ እትም፣ ፓይተን 3፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ውጤትን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን «ፕሪንት» ያለ ቅንፍ መጻፉ ቀረ፤ ቅንፍ የሌላቸው የድሮ ምሳሌዎችም መሥራት አቆሙ። እንዲህ ዓይነቱን ምሳሌ የሚሞክር ጀማሪ ጥፋቱ የሰነዱ መሆኑን አያውቅም፤ ራሱን ይወቅሳል፣ አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ከፓይተን ጋር የሚመጣው «ዶክቴስት» የተባለ መሣሪያ በሰነዱ ያለውን ምሳሌ አስኬዶ ውጤቱን ከተጻፈው ጋር ያመሳክራል። በረስት ቋንቋም «ካርጎ ቴስት» የሚለው ትእዛዝ የላይብረሪውን (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን የኮድ ስብስብ) የሰነድ ምሳሌዎች አብሮ ይፈትሻል።

ከመሐል የተቆረጠ ኮድ

ጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ስለተጫነ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች መጉደላቸው አይታየውም። ምሳሌውን በአዲስ ባዶ ፎልደር ውስጥ፣ ከሰነዱ ብቻ እየገለበጡ ማስኬድ ጉድለቱን ወዲያው ያወጣዋል። የሚጠበቀውንም ውጤት ከኮዱ ሥር ይጻፉ፤ ተጠቃሚው የእርሱ ስክሪን ላይ የወጣው ትክክል መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው።