የኮምፓይለር ዋና ልቀት ሲታቀድ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይር (የሚያጠናቅር) መሣሪያ፣ ዋና ልቀት (አዲስ ትልቅ እትም) ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኮምፓይለሩ ራሱ ሳይሆን በእሱ የሚጠናቀሩት የሌሎች ሰዎች ፕሮግራሞች ናቸው። ስለዚህ ዕቅዱ መጀመር ያለበት አዲስ ምን እንጨምር ከሚለው ሳይሆን የማን ሥራ ይስተጓጎላል ከሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ምልክቶች በአብዛኛው የሲና የሌሎች ቋንቋዎች ኮምፓይለር ከሆነው ከጂሲሲ የተወሰዱ ናቸው፤ የተሻለ መፍትሄ በተገኘበት ቦታ ደግሞ ራስትና ጎ የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ተጠቅሰዋል።

ምልክት፦ የልቀቱ ቀን በተደጋጋሚ ይራዘማል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የሠራተኛ እጥረት ሳይሆን የአዳዲስ ሥራዎች መቀበያ በር አለመዘጋቱ ነው፤ አሥር ስህተት በታረመ ቁጥር አዲስ ማሻሻያ ሌላ አሥር ይዞ ይገባል። ጂሲሲ ዓመቱን በምዕራፍ ይከፍላል። በአንደኛው ምዕራፍ፣ እስከ ኅዳር አጋማሽ ገደማ፣ ትልልቅ ለውጦች ይገባሉ፤ በሦስተኛው ስህተት ይታረማል፤ በአራተኛው ደግሞ ቀድሞ ይሠራ የነበረን ነገር ያበላሹ ስህተቶችንና ሰነዶችን ከማረም በቀር ሌላ አይፈቀድም። (ሁለተኛው ምዕራፍ ከቀረ ቆይቷል፤ የቀሩት ግን ቁጥራቸውን እንደያዙ ናቸው።) ልቀቱን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያው ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ ይሠራ የነበረን ነገር ካበላሹት ስህተቶች መካከል የመጀመሪያ ደረጃ ቅድሚያ የተሰጣቸው ዝርዝር ባዶ መሆን አለበት።

ምልክት፦ ኮምፓይለሩ ራሱን ሲያጠናቅር የሁለተኛውና የሦስተኛው ዙር ውጤት አይመሳሰልም።

አሮጌው ኮምፓይለር አዲሱን ይሠራል፣ አዲሱ ራሱን ይሠራል፣ የተሠራው ደግሞ እንደገና ራሱን ይሠራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ውጤቶች አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ አንዱን የተለያየ ፋይል ወስዶ በዚያው ኮምፓይለር ደጋግሞ ማጠናቀር ይበጃል። ውጤቱ በየጊዜው ከተለዋወጠ፣ ኮምፓይለሩ በየጊዜው ሊለያይ በሚችል የሜሞሪ አድራሻ ቅደም ተከተል ላይ ተመሥርቶ እየወሰነ ስለመሆኑ ጠንካራ ጥርጣሬ አለ። ካልተለዋወጠ ግን ምናልባት የተሳሳተ ኮድ እየወጣ ስለሆነ፣ በጊት ባይሴክት (የለውጦችን ታሪክ በግማሽ በግማሽ እየከፈለ በሚፈትሽ መሣሪያ) ጥፋተኛውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) መፈለግ ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ልቀቱ እንደወጣ ለዓመታት ሲሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች አልጠናቀር ይላሉ።

ይህ ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የነባሪ አሠራር (ተጠቃሚው ካልቀየረው በራሱ የሚሠራው ምርጫ) ለውጥ ነው። በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 በሄደር ፋይል (ብዙ ፋይሎች በጋራ በሚያስገቡት የማወጃ ፋይል) ውስጥ ኤክስተርን (ፍቺው ሌላ ቦታ ነው የሚል ቃል) ሳይጨመርበት የተጻፈን ግሎባል ቫሪያብል በየፋይሉ እንደ ተለየ ፍቺ መቁጠር ሲጀምር፣ ቀድሞ ሊንከሩ (የተጠናቀሩ ፋይሎችን የሚያገናኘው መሣሪያ) በዝምታ ያዋህዳቸው የነበሩት ሁሉ የተደጋገመ ፍቺ የሚል ስህተት ማውጣት ጀመሩ። እርማቱ ቀላል ነው፦ በሄደሩ ኤክስተርን ብሎ ማወጅ፣ ፍቺውን በአንድ የሲ ፋይል ብቻ ማስቀመጥ።

ጩኸት የሌለው ብልሽት ግን የባሰ ነው። በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 ሳይታወጅ የተጠራን ፈንክሽን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት አሸጋገረ። ብዙ የቆዩ ፕሮግራሞች ከመጠናቀራቸው በፊት ኮንፊገር የሚባል ስክሪፕት ትንንሽ የሙከራ ፕሮግራሞችን እያጠናቀረ ሥርዓቱ ምን ምን እንዳለው ይመረምራል። የሙከራው ፕሮግራም አንድ የሄደር መስመር ከጎደለው አዲሱ ኮምፓይለር አይቀበለውም፤ ስክሪፕቱም ባህሪው የለም ብሎ ይደመድማል፤ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ይጠናቀራል፣ ግን አካሉ ጎድሎ። ስለዚህ ጥቅሉ (ለስርጭት የተዘጋጀው ፕሮግራም) ተጠናቀረ ብሎ መርካት አይበቃም፤ ስክሪፕቱ በአሮጌውና በአዲሱ ኮምፓይለር የጻፋቸውን የውጤት ፋይሎች ጎን ለጎን ማነጻጸር ግዴታ ነው።

እንዲህ ያለው ችግር መገኘት ያለበት ከልቀቱ በፊት ነው። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት ገና ያልወጣውን ጂሲሲ በዓመቱ መጀመሪያ ወስዶ ጥቅሎቹን በጅምላ እንደገና ያጠናቅራል፤ ራስት ደግሞ ክሬተር በተባለ መሣሪያ በይፋ የሚገኙ ፕሮጀክቶችን በሁለት የኮምፓይለሩ እትሞች እያጠናቀረ ልዩነቱን ይመዘግባል። አቅም የሌለው ፕሮጀክት ቢያንስ ከአንድ የሊኑክስ ስርጭት ጋር ተስማምቶ ይህን ሥራ በዕቅዱ ውስጥ ቢያስገባ ይሻላል።

ምልክት፦ ሙከራው ችግሩን አስቀድሞ አሳይቷል፤ ተጠቃሚው ግን ያው ተጎዳ።

በ2024 ራስት 1.80 ላይ የተጨመረ አንድ ትንሽ ነገር ታይም የተባለውን በሰፊው የሚሠራበት ላይብረሪ የቆዩ እትሞች እንዳይጠናቀሩ አደረገ፤ ክሬተር ግን አስቀድሞ አሳይቶት ነበር። የጎደለው መረጃ ሳይሆን ጊዜ ይመስለኛል፦ የታረመው እትም ቢኖርም፣ የብዙዎች ፕሮጀክት በአሮጌው እትም ላይ ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ ጉዳት የታየበት ለውጥ አንድ ልቀት ሙሉ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ቢቆይ ይመረጣል።

ከሁሉም የተሻለውን መንገድ ያሳየው ግን ጎ ነው። የሉፕ ቫሪያብል (በድግግሞሽ ውስጥ በየዙሩ አዲስ ዋጋ የሚይዘው) ትርጉም ሲቀየር በ1.21 በፈቃደኝነት የሚበራ ሙከራ ሆኖ ቀረበ፤ በየካቲት 2024 በወጣው 1.22 ደግሞ የሚሠራው የሞጁሉ ፋይል (ፕሮጀክቱ የሚጠቀመው የጎ እትም የሚታወጅበት) 1.22 ወይም ከዚያ በላይ ብሎ ላወጀ ኮድ ብቻ ሆነ። ኮምፓይለሩን ያሳደገ ሰው የኮዱ ትርጉም ሳይፈቅድ አይለወጥበትም፤ ለውጡን የሚፈልግ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር ያስተካክላል።