የፖሊሲ አማራጭ የሚፈልቅበት የዜጎች ውይይት፦ አዘገጃጀቱና አመራሩ

ይህ ዓይነቱ ውይይት ውሳኔ አያሳልፍም፣ ድምፅም አያሰጥም። ሥራው ለአንድ የጋራ ጉዳይ ምን ምን መንገድ እንዳለ ማውጣትና እያንዳንዱ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ መመርመር ነው። ይህ ከመነሻው ካልተነገረ ሰው ሁሉ አቋሙን ሊከላከል ይመጣል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሐሳብ አይወለድም።

ከሁሉ በፊት ጥያቄውን አስተካክሉ። «የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ይጨመር ወይስ አይጨመር?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁለት ጎራ ፈጥራችኋል። «ቆሻሻችንን ማን፣ እንዴትና በማን ወጪ ያስወግደው?» ቢባል ግን በሩ ይከፈታል። አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ተወያዮቹ 8 ቢሆኑ ጥሩ ነው። 5 ብቻ ከሆኑ ሁለቱ በቀሩ ቀን ውይይቱ ይቀዘቅዛል፤ ከ10 ካለፉ ደግሞ ዝም የሚሉት ዝም እንዳሉ ይቀራሉ። በአገራዊ ጉዳዮች ላይ ምክር እንዲሰጥ ከተራ ዜጎች የተቋቋመው የአየርላንድ የዜጎች ጉባኤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከሰብሳቢዋ ሌላ 99 አባላት ነበሩት፤ ንግግሩ የሚካሄደው ግን በየጠረጴዛው በተቀመጡ ትናንሽ ቡድኖች ነበር። በዕድሜ፣ በኑሮና በሥራ የተለያዩ ሰዎችን ምረጡ። ዕጣ ማውጣት ከተቻለ ይመረጣል፤ ጥሪውን በማስታወቂያ ብቻ ካደረጋችሁ የሚመጡት አስቀድሞ የቆረጠ አቋም ያላቸው ናቸው። ከተቻለም ሁለተኛ ቡድን ለብቻው ይወያይ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያየዋል።

አንድ አወያይና አንድ ማስታወሻ ያዥ ያስፈልጋሉ። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው አትስጡ፤ የሚጽፍ ሰው የተናጋሪውን ፊት አያይም። ማስታወሻው ሁሉም በሚያየው ትልቅ ወረቀት ላይ፣ በተናጋሪው በራሱ ቃል ይጻፍ። አወያዩ «ማለትዎ እኮ…» እያለ ካሳመረው ሐሳቡ የአወያዩ ይሆናል።

5 ስብሰባ፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት፣ በሳምንት ልዩነት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን መፍትሔ አይነሳም፤ ጉዳዩ ማንን እንዴት እንደሚነካ ብቻ ይዘርዘር። ይህን መታገሥ ከባድ ነው፤ አብዛኛው ውይይት የሚበላሸውም እዚህ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አማራጮች ይወጣሉ፤ ከ4 እስከ 6 ቢሆኑ ይበቃል። በአራተኛው ቀን መዘዛቸው ይመርመር፤ በአምስተኛው ጽሑፉ ይታረም።

አንድ አማራጭ በአንድ ገጽ ይስፈር። «ቆሻሻ በኪሎ ይከፈልበት» የሚለውን እንያዝ። መነሻ ሐሳቡ፦ ብዙ የሚጥል ብዙ ይክፈል። ተግባሩ፦ ሚዛን፣ የቤት መዝገብ፣ ተቆጣጣሪ። ጥቅሙ፦ ሰው መለየትና መቀነስ ይጀምራል። መዘዙ፦ ክፍያ ሽሽት ሌሊት ወንዝ ዳር የሚጥል ይኖራል፤ ብዙ ልጆች ያሉት ድሃ ቤተሰብም ይጎዳል። በመጨረሻ፦ አስተዋይ ሰው ይህን አማራጭ በምን ምክንያት ሊቃወመው ይችላል? ይህ መስመር ባዶ ከቀረ ምርመራው አላለቀም።

አንዳንድ ችግሮች ደጋግመው ይመጣሉ። ባለሙያ ከተወያዮቹ ጋር ከተቀመጠ ሌሎቹ ተማሪ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለጥያቄ ብቻ ለ30 ደቂቃ ይጠራና ይሂድ። አንድ ሰው «የእኔ ሐሳብ» ብሎ ሙጥኝ ካለ፣ ሐሳቡን ሌላ ሰው እንዲያብራራው፣ እሱም የማይወደውን አማራጭ እንዲያጠናክር አድርጉ። ሁሉም ቶሎ ከተስማሙ መጠርጠር ይገባል፤ «ይህ ቢወሰን እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሌለ ማን ይጮሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ የቀዘቀዘ ውይይት ስታነቃ ደጋግሞ ታይቷል።

በሪፖርቱ የተናጋሪ ስም አይጠቀስ፤ «ብዙዎቹ ይህን መርጠዋል» የሚልም አይግባ። ቡድኑ ያልወደደው አማራጭ ከነምክንያቱ ይቆይ፤ ለሌላ ሰው ዋናው መንገድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ረቂቁን በውይይቱ ላልነበሩ 8 ሰዎች ስጡና ምን እንደሚጎድለው ጠይቁ። የትኛው እንደሚሻል አትጠይቁ፤ አዲስ አማራጭ ከጨመሩም ሌላ ገጽ ክፈቱለት።