ሞተር ሲወርድ ፒስተን በትክክለኛ አቅጣጫው እንዴት ይገጠማል?

ከጎጃም እህል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ከዚያ ጎሃ ጽዮን ድረስ ዳገቱን ይወጣል። ያን መንገድ በሙሉ ጭነት የሚወጣ ሞተር በጥንቃቄ መገጠም አለበት። ሞተሩ ወርዶ፣ ያ ሁሉ ብር ወጥቶበት፣ በማግስቱ ጠዋት ሲነሳ «ቋ ቋ» ካለ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ዞሮ የተገጠመ ፒስተን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ብረት፣ ነው።

ፒስተን ክብ ስለሆነ በየትኛውም በኩል ቢገባ ለውጥ ያለው አይመስልም። አለው። በብዙ ሞተሮች ፒስተኑን ከክንዱ ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ፒን ቀዳዳ ከመሃል አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ አንድ ጎን ሸሸት ይላል። ሆን ተብሎ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ ከአንዱ የሲሊንደር ግድግዳ ወደ ሌላው ይደገፋል። ፒኑ ስለሸሸ ይህ ቀስ ብሎ ይሆናል። ፒስተኑ ከዞረ ግን ግድግዳውን በር በኃይል እንደሚዘጋ ሰው ይመታዋል፤ በተለይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን። ሌላም አለ። የፒስተኑ ራስ ላይ ለቫልቮቹ የተሠሩ ጎድጓዳዎች ብዙ ጊዜ እኩል አይደሉም፤ ከዞሩ ቫልቩ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። በናፍጣ ሞተርም ከታች ዘይት የሚረጭ ቱቦ ካለ የፒስተኑ ቀሚስ (የታችኛው ክፍሉ) ላይ ለእሱ የተቆረጠ ቦታ ይኖራል፤ ካልተገጣጠመ ይጋጫሉ።

ሥራው የሚጀምረው ሲፈታ ነው። የፒስተኑን ራስ በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርገው ምልክቱን ይፈልጉ። ቀስት፣ ነጥብ ወይም ጠርዙ ላይ ትንሽ ቆረጣ ሊሆን ይችላል። በስልክ ፎቶ ያንሱት። ፎቶው ብቻ ግን አይበቃም፤ ከዚህ በፊት ሞተሩን ያወረደው ሰው አዙሮት ሊሆን ይችላልና ከሞተሩ መመሪያ ጋር ያስተያዩ። እያንዳንዱን ቢየላና የታች ጫፉን ኮሎው (ሞተሩ ሥር የሚዞረው ዘንግ) ላይ የሚያስረውን ክዳን በሲሊንደሩ ቁጥር ያስቀምጡ። የአንዱ ክዳን ለሌላው አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ። በአብዛኛው መኪና ምልክቱ የሚያየው ወደ ሞተሩ ፊት ነው። የሞተሩ ፊት ማለት የመኪናው ፊት አይደለም፤ ፑሊው እና የታይሚንግ ሰንሰለቱ ወይም ቺንጊያው ያለበት ጎን ነው። ቪትዝ ላይ ሞተሩ አግድም ስለተቀመጠ ያ ጎን ወደ ጎማው ይዞራል። ሞተር ሳይክል ላይ ደንቡ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ቀስቱ ወደ ማርሚታው (ጭስ መውጫው) በኩል፣ «አይ ኤን» የሚል ጽሑፍ ካለው ደግሞ ጽሑፉ ወደ አየር መግቢያው ይዞራል። ባጃጅ ሲሠሩ የራሱን መመሪያ ይዩ።

ፒስተንና ቢየላ ተገጣጥመው ከመጡልዎ ሳይረከቡ የሁለቱን ምልክት አብረው ይዩ። የፒስተኑ ቀስት ልክ ሆኖ ቢየላው የዞረ ከሆነ ያው ስህተት ነው። በፕሬስ የገባ ፒን እቤት አይፈታም፤ ለሠራው ሰው ይመልሱት።

ፋሻዎቹ (ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች) ላይ ፊደል ወይም ነጥብ ካለ ወደ ላይ ይሁን። የፋሻዎቹ ክፍተቶች አንድ መስመር ላይ እንዳይገጥሙ ይበትኗቸው። የቢየላ ቦሎኖቹ የተጋለጡ ከሆኑ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ያልብሷቸው፤ ኮሎውን እንዳይጭሩ። ፋሻውን፣ ሲሊንደሩንና ብሮንዚናውን (ቢየላው ኮሎው ላይ የሚያርፍበትን ስስ ብረት) ዘይት ይቀቡ። ፋሻ መጨመቂያውን አስረው ፒስተኑን በመዶሻ እጀታ በቀስታ ይግፉ። ከያዘ አይምቱ፤ አንዱ ፋሻ ከተቀመጠበት ቦይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

የክዳኑን ቦሎን መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቁ። ከእያንዳንዱ ፒስተን በኋላ ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ። በድንገት ከከበደ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። የመጨረሻውን ክዳን ፈትተው ቁጥሩን፣ ቀስቱንና የቢየላውን ምልክት እንደገና ይዩ።